የሌለ ሰው ድምፅና የማጉያው ታማኝነት

ድምፅን ከወጣበት አፍና ከተነገረበት ሰዓት ነጥሎ ወደ ሌላ ቤትና ወደ ሌላ ዘመን የሚያደርስ መሣሪያ ሁሉ አንድ የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ ይኸውም የሚሰማው ድምፅ የተናጋሪው ነው ወይስ የመሣሪያው የሚለው ነው። በቤታቸው ሙዚቃን በጥራት ለማዳመጥ የሚተጉ ሰዎች የቫልቭ ማጉያ ይበልጣል ወይስ ክላስ ዲ የተባለው፣ በማብራትና በማጥፋት የሚሠራው ማጉያ እያሉ ሲከራከሩ፣ ክርክሩ ላይ ላዩን የዋጋና የምርጫ ጉዳይ ቢመስልም ሥሩ እዚሁ ጥያቄ ላይ ያርፋል። ከሱዳኗ ገዳሪፍ ተነሥቶ በዶካ በኩል እስከ ገላባትና መተማ በሚዘልቀው የድንበር አገር ደግሞ ጥያቄው ሌላ ክብደት አለው፤ በዚያ ምድር ለብዙ ሺህ ሰዎች የተቀዳ ድምፅ ማለት ከቤተሰብ የቀረላቸው ብቸኛው ነገር የሆነባቸው ዓመታት አልፈዋልና።

ገዳሪፍ የሰሊጥና የማሽላ ከተማ ናት፤ በአጨዳ ወራት ድንበር ተሻግረው ለቀን ሥራ የሚመጡ ኢትዮጵያውያን ስላሉ አማርኛ በገበያዋ እንግዳ ቋንቋ አይደለም። ከከተማዋ አጠገብ ያለው ተዋዋና ወደ ድንበሩ የሚጠጋው ኡም ራኩባ በ1984 እ.ኤ.አ. ረሃብና ጦርነት ያፈናቀላቸውን ሰዎች የተቀበሉ ሰፈሮች ሲሆኑ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር በብዛት ወደ እስራኤል መጓጓዝ የጀመሩት ቤተ እስራኤላውያንም ተራቸውን የጠበቁት፣ ብዙ ሙታንንም የቀበሩት በእነዚሁ ሰፈሮች ነው። ኡም ራኩባ በ2020 እ.ኤ.አ. በትግራይ በተነሣው ጦርነት ምክንያት እንደገና ተከፍቷል። ካሴት በገነነበት ዘመን ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ወላጆች በደብዳቤ ፋንታ ድምፃቸውን ቀድተው በመንገደኛ እጅ ይልኩ ነበር፤ በአንዱ ገጽ ሰላምታና የቤተ ዘመድ ወሬ፣ በሌላው ገጽ ዘፈን ወይም መዝሙር የያዘ ካሴት በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ቴፕ ተደጋግሞ ይደመጣል። ማጉያ ምን ያህል ታማኝ ነው የሚለው ጥያቄ እንደዚህ ባለው ካሴት ፊት ሲቆም የድሎት ጥያቄ መሆኑ ይቀራል።

ማጉያ ማለት ደካማውን የኤሌክትሪክ ምልክት ተቀብሎ ድምፅ ማውጫውን፣ በተለምዶ ስፒከር የሚባለውን፣ ለማንቀሳቀስ የሚችል ጉልበት ያለው ምልክት የሚያወጣ መሣሪያ ነው። ቫልቭ አየሩ የተመጠጠ የመስታወት ዕቃ ሲሆን፣ በውስጡ የጋለ ብረት ኤሌክትሮኖችን ይተፋል፣ ትይዩው ያለው ሰሌዳ ይስባቸዋል፣ በመካከላቸው የተዘረጋው ፍርግርግ ደግሞ ፍሰቱን እንደሚመጣለት ምልክት ያሳንሳል ወይም ያበዛል፤ ይህን ባለ ሦስት ክፍል ቫልቭ አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት በ1906 እ.ኤ.አ. ሠራው። በ1950ዎቹ የአውሮጳ ሬዲዮዎች ውስጥ በብዛት የነበረው ኢኤል 84 የተባለ ቫልቭ ለብቻው ሲሠራ፣ ብረቱን ለማጋል ብቻ 5 ዋት ገደማ ይበላል፤ በሰሌዳው ላይ ደግሞ በ250 ቮልት 12 ዋት ያለማቋረጥ ይወስዳል፤ ከዚህ ሁሉ ወደ ስፒከሩ የሚደርሰው ድምፁ እጅግ ከፍ ባለ ጊዜ እንኳ ከ5 ወይም ከ6 ዋት አይበልጥም። የቀረው ሙቀት ነው። ዘፈኑ ቆሞ ዝምታ በሆነ ጊዜም ቫልቩ ያንኑ ያህል መብላቱን አይተውም፤ በሚያዝያ ወር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባት ገዳሪፍ ይህ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም።

ክላስ ዲ በሌላ ሐሳብ የተመሠረተ ነው። ወደ እርሻ የሚወርድን ውኃ በሩን በከፊል ከፍቶ በመያዝ መመጠን እንደሚቻል ሁሉ፣ በሩን ወይ ወለል አድርጎ መክፈት ወይ ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ብቻ የሚፈቀድለት ጠባቂም የመክፈቻውን ጊዜ በማርዘምና በማሳጠር ያንኑ መጠን ሊያደርስ ይችላል፤ ቫልቩ የመጀመሪያው ጠባቂ ሲሆን ክላስ ዲ ሁለተኛው ነው። መሣሪያው ሙዚቃውን በሰከንድ ብዙ መቶ ሺህ ጊዜ ከሚመላለስ የሦስት ማዕዘን ሞገድ ጋር እያነጻጸረ ሰፋ ወይም ጠበብ ያሉ የኤሌክትሪክ ምቶችን ይፈጥራል፣ ትራንዚስተሮቹ እነዚህን ምቶች ያጎላሉ፣ በመጨረሻም ጥቅል ሽቦና ካፓሲተር ፈጣኑን መቆራረጥ አስቀርተው አማካዩን፣ ማለትም ሙዚቃውን፣ ወደ ስፒከሩ ያሳልፋሉ። ሐሳቡን እንግሊዛዊው አሌክ ሪቭስ በ1950ዎቹ ያቀረበው ሲሆን፣ የሲንክሌር ኩባንያ በ1964 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያወጣው ኤክስ 10 የተባለው ማጉያ የዘመኑ ትራንዚስተሮች ለፍጥነቱ ስላልበቁ ደካማ ሆኖ ቀረ፤ ሞስፌት የተባሉት ፈጣን ትራንዚስተሮች ከበሰሉ በኋላ ግን ዘዴው ከሚቀበለው ኃይል ወደ 90 በመቶ የሚጠጋውን ለስፒከሩ የሚያደርስ ሆነ። በስሙ ውስጥ ያለው «ዲ» ከኤ፣ ከቢና ከሲ ቀጥሎ የመጣ ተራ ፊደል እንጂ ዲጂታል ማለት አይደለም፤ የምቶቹ ስፋት እንደ ድምፁ ያለ ክፍተት ስለሚለዋወጥ ሙዚቃው የግድ ወደ ቁጥር ይለወጣል ማለትም አይቻልም።

የቫልቭ ወዳጆች ዋና ተቃውሞ ከዚህ ይነሣል፦ የተከታተፈ ድምፅ ቢገጣጠምም ያው አይሆንም፣ ቫልቭ ግን ድምፁን ሳይቆርጥ ያሳልፋል ይላሉ። ተቃውሞው ስሜትን የሚነካ ቢሆንም ቫልቩን ራሱን በቅርብ ያላየ ነው። በቫልቭም ውስጥ ቢሆን ወደ ስፒከሩ የሚሄደው ኃይል ከግድግዳው ሶኬት ወይም ከባትሪው የመጣ ኃይል ነው፤ የዘፋኙ ምልክት ፍርግርጉ ላይ ደርሶ ያበቃል፣ ከዚያ የሚወጣው በእርሱ አምሳል የተቀረጸ ሌላ ነገር ነው። እንግዲያውስ ሁለቱም መሣሪያዎች ድምፁን አያሳልፉም፤ ሁለቱም እንደ አዲስ ይሠሩታል። የማንነት ጥያቄ በመሣሪያው ዘዴ የሚፈታ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም በእኩል ይወድቁ ነበር።

የሃይማኖት ሊቃውንት ይህን ነገር ከመሐንዲሶች ይልቅ አጥርተው ያዩበት ጊዜ አለ። ድምፅ ማጉያ ወደ መስጊዶች ከገባ በኋላ የእስልምና ሊቃውንት ሁለት ጉዳዮችን ለይተው ተመልክተዋል፦ ሙአዚኑ በሰዓቱ ቆሞ በማጉያ የሚያሰማውን አዛን አብዛኞቹ ሲቀበሉት፣ ከዚህ በፊት ተቀድቶ በመሣሪያ የሚለቀቀውን አዛን ግን የመካው የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ጉባኤ የሶላቱን ጥሪ ግዴታ እንደማይወጣ ወስኗል። ወሰኑ የተሰመረው በአንዱ መሣሪያና በሌላው መሣሪያ መካከል አይደለም፤ የተሰመረው አሁን አስቦ፣ ኒያ አድርጎ የሚጠራ ሰው በመኖሩና ባለመኖሩ መካከል ነው። ማጉያው ምንም ዓይነት ይሁን፣ ሙአዚኑ ካለ ጥሪው የእርሱ ነው።

በቤት የሚደመጥ ሙዚቃ ግን ሁሉም የተቀዳ ነው፤ ዘፋኙ የለም፣ ብዙ ጊዜም በሕይወት የለም። በሕይወት ያለ ተናጋሪ ድምፁ ሲዛባ ሊያርም ይችላል፤ የሌለ ሰው ግን በስሙ የሚነገረውን የሚቃወምበት አፍ የለውም። ስለዚህ ለድምፁ ታማኝ መሆን ለሌለው ሰው የሚከፈል የፍትሕ ዕዳ ይሆናል፤ በድምፁ ላይ ያልነበረበትን ጣዕም መጨመርም፣ ጣዕሙ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ እርሱን ሳያስፈቅዱ በእርሱ ስም መናገር ነው።

ቫልቭ የሚጨምረው ነገር ደግሞ በትክክል የታወቀ ነው። አንድ ቫልቭ ብቻውን የሚሠራበት ማጉያ 220 ኸርዝ ድምፅ ሲገባበት ትንሽ 440 ኸርዝ ጨምሮ ያወጣል፤ ይህ ተጨማሪ ድምፅ ሁለተኛ ሃርሞኒክ ይባላል፣ ከመጀመሪያው አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለ ነው። የኢትዮጵያና የሱዳን ዜማዎች በአብዛኛው በአምስት ድምፅ ቅኝት የተሠሩ ሲሆኑ፣ እንደ ሌላው ቅኝት ሁሉ የማንኛውም ድምፅ ኦክታቭ ምንጊዜም እዚያው ቅኝት ውስጥ ይገኛል፤ ስለዚህ አንድ ድምፃዊ ብቻውን ወይም ከመሰንቆ ጋር ሲያዜም ቫልቩ የሚጨምረው ነገር ለጆሮ እንግዳ ሳይሆን እንደ መወፈር፣ እንደ መሞላት ሆኖ ይሰማል። የአካባቢው አድማጭ ለቫልቭ ድምፅ የሚያሳየው ፍቅር መሠረት የሌለው አይደለም። ነገር ግን 200 ኸርዝና 270 ኸርዝ አብረው ሲገቡበት ያው መሣሪያ 470ንና 70ን ይወልዳል፤ እነዚህ ሁለቱ በየትኛውም ዘፋኝ አፍ ያልነበሩ፣ ከቅኝቱም የወጡ ናቸው። ሱዳናዊውን ድምፃዊ መሐመድ ዋርዲን ያጀበው ዓይነት ቫዮሊን፣ አኮርዲዮንና ከበሮ በአንድነት የሚሰማበት የሱዳን ኦርኬስትራ፣ ወይም ካህናት በከበሮና በጸናጽል የሚያቀርቡት ወረብ፣ እንዲህ ባለው ማጉያ ድምፁ ሲጨምር የሚደፈርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም ብዙ የማይታሰብ ነገር አለ። በ1940 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኦምዱርማን ሬዲዮ፣ እንዲሁም የአዲስ አበባ ጣቢያዎች በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ድምፅ የሚቀዱባቸው መሣሪያዎች ባለ ቫልቭ ነበሩ። በዚያ ዘመን የተቀዳ ዘፈን የቫልቭን ጠባይ በራሱ ውስጥ ይዞ መጥቷል፤ ይህ የዘፈኑ ታሪክ አካል ነው። ምንም የማይጨምር ማጉያ ይህን የድሮ ጣዕም እንዳለ ያሰማል፤ ዛሬ የተገዛ የቫልቭ ማጉያ ግን በላዩ ላይ ሌላ ይደርብበታል፣ አድማጩም የትኛው የዘመኑ፣ የትኛው የሳሎኑ እንደሆነ መለየት ያቅተዋል። ድሮን የሚወድ ሰው በዚህ በኩል ከማንም ይልቅ ክላስ ዲን ሊመርጥ ይገባው ነበር።

የደስታን ጉዳይ ግን በዚህ መዝጋት አይቻልም። ቅዱስ አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ በአሥረኛው ክፍል፣ ከሚዘመረው ቃል ይልቅ ዜማው ልቡን ሲነካው እንደ በደል እንደሚቆጥረው ጽፎ፣ ሆኖም ዜማን ከቤተ ክርስቲያን ማስወጣትን አልደፈረም። በ1111 እ.ኤ.አ. ያረፈው አል ጋዛሊ ደግሞ «ኢሕያ ዑሉም አድ ዲን» በተሰኘው ሥራው ማዳመጥ በልብ ውስጥ ያለውን ያነቃል እንጂ የሌለውን አያስገባም ይላል። የጋዛሊ ሐሳብ ለቫልቭ ወዳጅ የተሻለ መጠጊያ ነው፤ ጣፋጩ ድምፅ በአድማጩ ልብ ያለውን ናፍቆት ካነቃ፣ ናፍቆቱ እውነተኛ ነውና ማዳመጡም እውነት አለው። ይህ ተቀባይነት ያለው መከራከሪያ ነው። ወሰኑ ግን ግልጽ ነው፤ እውነቱ ስለ አድማጩ ልብ የሚመሰክር እንጂ ስለ ዘፋኙ ድምፅ የሚመሰክር አይደለም፣ ሁለቱን እንደ አንድ አድርጎ የቫልቭ ማጉያን «እውነተኛው ድምፅ» ብሎ መሸጥም ስሕተት ነው።

ክላስ ዲም ቢሆን ንጹሕ ሆኖ አይቀርብም። ከማውጫው ማጣሪያ በኋላ ራሱን የማያርም ርካሽ ማጉያ እንደተገጠመለት ስፒከር ጠባይ ቀጭኑን ድምፅ ያጎድላል ወይም ያሾለዋል። ከዚህ የሚብሰው በጎረቤት ላይ የሚያደርሰው ነው፤ በ400 ሺህ ኸርዝ የሚቆራርጥ ማጉያ በደንብ ካልተሸፈነ በ800 ሺህና በ1200 ሺህ ኸርዝ ጩኸት ይረጫል፣ እነዚህም ሚዲየም ዌቭ ሬዲዮ በሚሰማበት ክልል መሐል ይወድቃሉ። ለራሱ አድማጭ ታማኝ የሆነው መሣሪያ በአጥሩ ማዶ ዜና የሚጠብቀውን ሰው ሬዲዮ ያውካል፤ ስለ ታማኝነት የሚደረግ ክርክር የባለቤቱን ጆሮ ብቻ መለኪያ ካደረገ ጎደሎ መሆኑን ይህ ያሳያል።

ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሱዳን በተነሣው ጦርነት ገዳሪፍ ከካርቱምና ከሌሎች ከተሞች የሸሹ ሱዳናውያንን፣ ከቀድሞዎቹ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ጋር አንድ ላይ ይዛለች። መብራት በማይታመንበት ቦታ አንዲት የሶላር ሰሌዳና የ12 ቮልት ባትሪ ሌሊቱን ሙሉ ክላስ ዲን ሊያሠሩ ይችላሉ፤ ቫልቭ እዚያ ቦታ የለውም። የካሴቱን ደብዳቤ የተካው የስልክ የድምፅ መልእክትም የሚሰማው በስማርት ስልኩ ውስጥ በተገጠመች ደቃቅ የክላስ ዲ ማጉያ ነው። ይሁን እንጂ መልእክቱ ከመላኩ በፊት ስልኩ ጆሮ አይለየውም ብሎ የገመተውን የድምፁን ክፍል ቆርጦ ይጥላል፤ የተጣለው ደግሞ በየትኛውም ማጉያ አይመለስም። በሌለ ሰው ድምፅ ላይ መጨመር በስሙ መናገር ከሆነ፣ ከድምፁ መቀነስ ምን ይባላል የሚለው ጥያቄ አሁን የቫልቭንና የክላስ ዲን ክርክር ወደ ኋላ ትቶ ከፊት የቆመው ነው፤ የእናቱን መልእክት በገዳሪፍ ክልል ባለው በቱናይድባ የስደተኞች ሰፈር ሆኖ ለሚሰማ ልጅ ከሁለቱ ማጉያዎች ምርጫ ይልቅ ይህ ይነካዋልና።