ሹሙ ሲሻር ሥራው የማን ነው?

እዚህ ሲ.ኤም.ሲ የሚገኘው ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ በ1987 ዓ.ም. ኮሌጅ ሆኖ ከተቋቋመ ወዲህ የመንግሥት ሠራተኛ መማሪያ ነው። ብዙዎቻችን ከየመሥሪያ ቤቱ ተልከን መጥተናል፤ ተመርቀን ስንመለስ የላከንን ኃላፊ ወንበሩ ላይ ላናገኘው እንችላለን። ታዲያ አለቃ ሲነሣ የሠራተኛው ሞራል አብሮ መውደቅ አለበትን?

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የሚያወራው ስለ ሹሙ ብቻ ነው። ከሥሩ ስላለው ጸሐፊ፣ ሒሳብ ሠራተኛና ሾፌር ዝም ይላል። በንጉሡ ዘመን ሹም ሽር መኳንንቱ ሥር እንዳይሰዱ መቆጣጠሪያ ነበር። ልማዱም ወረደልን፤ ሠራተኛው ታማኝነቱን ለሰው ይሰጥና ሰውዬው ሲሄድ ግማሹ ያዝናል፣ ግማሹ እልል ይላል። ሁለቱም ግን የአዲሱን አለቃ ፊት ሲያነቡ ይውላሉ እንጂ ሥራ የላቸውም!

ቅርብ ምሳሌ እናንሣ። ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ስመኘው በቀለ መስቀል አደባባይ መኪናቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። በዚያው ክረምት የኤሌክትሪክ ኃይል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ኢንጂነር አዜብ አስናቀ ከቦታቸው ተነሡ፤ የሜቴክም ውል ተቋረጠ። ይህ ሁሉ ሆኖ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ግድቡ ኃይል ማመንጨት ጀመረ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ለምን ቢሉ፣ ከመጋቢት 2003 ዓ.ም. አንሥቶ ሕዝቡ ቦንድ የገዛበት፣ ሠራተኛው ከደመወዙ ያዋጣበት ሥራ ነውና። በአንድ ሹም ስም የተመዘገበ ንብረት አልነበረም።

«እንግዲያው ለሥራው ታመን፣ ስለ ሰው ምን አገባህ» የሚል አይጠፋም። ይኼ ግን ግማሽ እውነት ነው። ግድቡን አገር ሙሉ ዓይን ይጠብቀው ነበር፤ የአንድን ወረዳ የመሬት መዝገብ ማን ይጠብቀዋል? እዚያ ኃላፊው ምክንያቱ ሳይነገር ሲነሣ፣ ሠራተኛው የሚማረው አንድ ትምህርት ብቻ ነው፤ መልካም መሥራትም አያድን፣ ማጥፋትም አያስጠይቅ። ከዚያ ወዲያ ማን እጁን ለሥራ ያነሣል? ሌባ ተሽሮ ምክንያቱ በይፋ ቢነገር እኮ የቅኑ ሠራተኛ ሞራል ከፍ ይላል እንጂ አይወርድም። ስለዚህ ሞራል ገዳዩ ሽረቱ ሳይሆን ዝምታው ነው። ሿሚ የሻረበትን ምክንያት የመናገር ግዴታ አለበት።

የእኛስ ግዴታ? ፋይሉን አሟልቶ ማስቀመጥ፣ መስኮቱ ላይ የቆመውን ባለጉዳይ ማስተናገድ ነው። ባለጉዳዩ ከነጋ የተሰለፈው ለጉዳዩ እንጂ ለሹሙ አይደለም። ሁለተኛው ይከብዳል። ትናንት ለአለቃው ጎንበስ ቀና ሲል የነበረ ሰው፣ ዛሬ በተሻረው ላይ ድንጋይ ለመወርወር የሚቀድመው የለም። የሚወረውረው ነገር እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እውነቱን ሹሙ ወንበሩ ላይ ሳለ ቢናገረው ኖሮ፣ ምናልባት መሥሪያ ቤቱም ባልተበደለ፣ ሰውዬውም ባልተሻረ ነበር። ከሽረት በኋላ የሚመጣ ድፍረት ለአዲሱ ሹም የሚቀርብ እጅ መንሻ ነው፤ አዲሱም ብልህ ከሆነ ተራው ሲደርስ ምን እንደሚጠብቀው ከወዲሁ ያውቃል።