በጀግና መሳቅ ይገባልን?

ሳቅ ለሰው ልጅ ከተሰጡት ጸጋዎች አንዱ ነው፤ ዳሩ ግን እንደ ሌሎቹ ጸጋዎች ሁሉ ስፍራና ጊዜ ይፈልጋል። በልቅሶ ቤት የሚስቅ ሰው ይነቀፋል፤ በሠርግ ቤት ፊቱን አጥቁሮ የሚቀመጥም እንዲሁ። በዚህ ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ የሚነሣው፣ ሳቁ ከፍ አድርገን ወደምናየው፣ ልጆቻችንም እንዲመስሉት ወደምንመኘው ሰው በተመለሰ ጊዜ ነው። በጀግና መሳቅ ይገባልን? የሳቅንበት ጀግና ክብሩ ይቀንሳልን፣ ወይስ ይበልጥ ይቀርበናል? ይህ ጥያቄ የጨዋታ ይምሰል እንጂ፣ አንድ ሕዝብ ማንን እንደሚያከብርና እንዴት እንደሚያከብር የሚመለከት ስለ ሆነ፣ ቁም ነገር ነው።

ወደዚህ አሳብ የመራን አንድ ማታ በባሕር ዳር ያየነው ነገር ነው። ከጣና ዳር ብዙ በማይርቅ በአንድ ወዳጃችን ቤት፣ አያት፣ ልጆችና የልጅ ልጆች በአንድነት ተቀምጠው «ሻዛም» የተባለውን የአሜሪካ ፊልም ያዩ ነበር። ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2019 ሲሆን፣ ታሪኩ የተወሰደው በዚያው አቆጣጠር ከ1940 ጀምሮ በሥዕል ሲተረክ ከቆየ የልዕለ ጀግና ታሪክ ነው። ባለታሪኩ ቢሊ ባትሰን ከእናቱ ተለይቶ በሰው ቤት የሚያድግ የ14 ዓመት ልጅ ነው። አንድ አስማተኛ ሽማግሌ ያስተማረውን ቃል በጠራ ጊዜ ሰውነቱ ወደ ሙሉ ጎልማሳ ይለወጣል፤ ከጣቱ መብረቅ ይወጣል፤ ጥይት አይበሳውም። ልቡ ግን የ14 ዓመት ልጅ ልብ እንደ ሆነ ይቀራል። ሳቁም የሚመነጨው ከዚህ ነው። ያን የሚያህል ኃይል ይዞ በጎዳና ላይ መብረቅ እያሳየ ሳንቲም ይለቅማል። በቸልታ የለቀቀው መብረቅ አንድ አውቶቡስ ከነተሳፋሪዎቹ በድልድይ ጫፍ ላይ እንዲንጠለጠል ያደርጋል፤ እርሱም ደንግጦ ከሥር ሆኖ ይቀበለዋል።

ልጆቹ በሳቅ ወደቁ። አያታቸው ግን ፊታቸውን አጥቁረው ብድግ አሉና፣ «ጀግናው እንዲህ ከቀለደ ፈሪው ምን ሊሆን ነው?» ብለው ወደ በረንዳው አመሩ። ትንሿ የልጅ ልጃቸው፣ «አባባ፣ ይቀመጡ እንጂ፤ ልጅ ስለ ሆነ እኮ ነው!» ስትል ለመነቻቸው። በዚያው መካከል አንዱ የኮሌጅ ተማሪ ፊልሙ ግሩም መሆኑን፣ ገና ግማሹ ሳይታይ፣ በእርግጠኝነት ይነግረን ነበር። ስለ ምን ግሩም እንደ ሆነ ብንጠይቀው፣ «ሁሉም ብሎታል» ሲል መለሰልን።

እነሆ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ዓይነት ተመልካቾች አገኘን ማለት ነው። ሽማግሌው ከልማዳቸው ተነሥተው ፈረዱ፤ ተማሪው ከሌላ የሰማውን ፍርድ ደገመ፤ ሕፃኒቱ ብቻ ያየችውን ተናገረች። በዛሬው ዓለም የተማሪው ዓይነት በርክቷል። አንድ ትልቅ ፊልም ለሕዝብ ከመታየቱ አስቀድሞ ጥቂት የተመረጡ ሰዎች እንዲያዩት ይደረጋል፤ እነርሱም ትኩስ ስሜታቸውን በአንድ መስመር ይናገራሉ፤ ያችም መስመር በአንድ ሌሊት ዓለምን ትዞራለች። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ተመልካች ወደ ፊልሙ የሚገባው የሰማውን ለማረጋገጥ ነው። እርሱ ስቆ የወጣው በገዛ ሳቁ ይሁን በተዋሰው ሳቅ፣ ራሱም አይለየውም።

የመጀመሪያ ተመልካች ፍርድ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለማወቅ ወደ ገዛ ታሪካችን መመልከት ይበቃል። የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት በአዲስ አበባ በተከፈተ ጊዜ ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ከዚህ ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው ግን የመጀመሪያው ቴአትራችን ዕጣ ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከዐድዋ ድል በኋላ በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተሻግረው የተማሩ፣ በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ በ1928 ዓ.ም. በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ ኢትዮጵያ የተከራከሩ ሰው ናቸው። እኒህ ሰው ከዚያ ሁሉ አስቀድሞ፣ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን፣ ከፈረንሳዊው ከላ ፎንቴን ተረቶች አሳብ ወስደው «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ድርሰት ጻፉ፤ በአዲስ አበባም በቴራስ ሆቴል ለመኳንንቱ አሳዩ። ተዋንያኑ አውሬዎች ነበሩ፤ ነገሩ ግን የአስተዳደር ጉድለት ነበር። ንግሥቲቱ ጨዋታው እንዳይታይ አገዱ፤ መጽሐፉም ተሰበሰበ። እገዳው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ድረስ ቆየ።

ይህን ታሪክ የሚያወሱ ብዙዎች፣ ተመልካቾቹ ቴአትር ምን እንደ ሆነ ስላላወቁ ነው ይላሉ። እኛ ግን እንዲህ አይመስለንም። በአውሬው ጭንብል ሥር የሰው ፊት ማየት አለማወቅ አይደለም፤ ይልቁንም ድርሰቱን ከማንም አብልጦ መረዳት ነው። ሰምና ወርቅ በሚቆጠርበት አገር ያደገ መኳንንት፣ ተኩላ ሲናገር የሚናገረው ተኩላ ብቻ እንዳልሆነ ለመለየት አስተማሪ አያሻውም። ስሕተታቸው ከመረዳት በኋላ የመጣ ነው፤ ይኸውም በመስተዋት ያዩት ጕድፍ ቢያሳፍራቸው መስተዋቱን መስበራቸው ነው። በዚህም የተጎዳው ደራሲው ብቻ አልነበረም። ገና ዳዴ ይል የነበረ ጥበብ ለዓመታት ወደ ኋላ ቀረ።

በሌላ አገር ደግሞ ከዚህ የተለየ ነገር ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1939 የተፈጠረው ባትማን የተባለው ባለ ጭንብል ጀግና፣ በ1966 በቴሌቪዥንም በሲኒማም የሳቅ ጀግና ተደርጎ ቀረበ። ብዙ ሰው ወደደው፤ አንዳንዶች ግን ጀግናቸው እንደ ተዋረደ ቆጥረው ቂም ያዙ። ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ1989 ለወጣው አዲስ ፊልም በቀልደኛነቱ የሚታወቀው ማይክል ኪተን መመረጡ በተሰማ ጊዜ፣ ወደ ፊልሙ ኩባንያ 50,000 ያህል የተቃውሞ ደብዳቤ እንደ ጎረፈ ተነግሯል። ከጸሐፊዎቹ አንድም ሰው ፊልሙን አላየም ነበር፤ ገና አልተሠራምና። የፈሩት የሚመጣውን ሥራ ሳይሆን ያለፈውን ሳቅ ነበር። ፊልሙ በወጣ ጊዜ ግን እጅግ ተወደደ፤ የተነቀፈው ተዋናይም እስከ ዛሬ በዚያ ሥራው ይመሰገናል። በአዲስ አበባ ባለ ሥልጣን የሳቀበትን ሥራ አገደ፤ በአሜሪካ ሕዝቡ ራሱ ገና ያልሳቀበትን ሥራ ሊያግድ ተነሣ። ስለዚህ የችኮላ ፍርድ የመኳንንት ብቻ ወይም የተራ ሰው ብቻ ጠባይ ነው ለማለት አይቻልም።

«ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» የሚለው ተረት ለምግብ ይሠራ ይሆናል፤ ለጥበብ ሥራ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። ለዚህ ምስክር የሚሆነን የጣና ዳር ሰው ነው። አለቃ ገብረ ሐና በሐይቁ ምሥራቅ፣ በፎገራ ናበጋ፣ የተወለዱ ታላቅ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ። የጣና ማዕበልና በዳርቻው ያለው ደንገል ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ አይተው አዲስ የአቋቋም ስልት እንዳወጡ ይነገራል። በጎንደር የነበሩት ሊቃውንት ከለመዱት የተለየ ስለ ሆነባቸው አልተቀበሉትም። ልጃቸው ተክሌ ግን ስልቱን ከአባቱ ተምሮ አስፋፋው፤ በደብረ ታቦርም ሥር ሰደደ፤ ዛሬ «የተክሌ አቋቋም» ተብሎ በክብር ይዘመምበታል። የመጀመሪያዎቹ ተመልካቾች ሊቃውንት ነበሩ፤ ነገር ግን ሊቅነታቸው ከችኮላ አላዳናቸውም።

ዳሩ ግን በአለቃ ገብረ ሐና ሕይወት የሽማግሌውን ስጋት የሚደግፍ ነገርም አለ፤ ይህን መሸሸግ አይገባንም። ዛሬ ስማቸው ሲነሣ የሚታወሰው ምንድር ነው? ቀልዳቸው ነው። ሕፃን ሽማግሌው ጨዋታቸውን ይነግራል፤ ያልተናገሩትም ሁሉ በስማቸው ይነገራል፤ ዜማቸውንና ትምህርታቸውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። እንግዲህ ሳቅ ሊቁን ሊውጠው ይችላል ማለት ነው። አንድ ትውልድ ጀግኖቹን ሁሉ በቀልዳቸው ብቻ የሚያውቃቸው ከሆነ፣ በሚያስፈልገው ቀን የሚከተለው ሰው አያገኝም። «ጀግናው እንዲህ ከቀለደ ፈሪው ምን ሊሆን ነው?» ያሉት ሽማግሌ ይህን በልባቸው አስበው ከሆነ፣ ልንስቅባቸው አይገባም።

ታዲያ መለያው ወዴት ነው? ቋንቋችን ራሱ መንገዱን ያመለክተናል። ፌዝና ለበጣ ሰውየውን ለማሳነስ የሚነገሩ ናቸው። ሽሙጥ ወግቶ ይሸሻል። ቧልት ዓላማ የለውም። ቀልድ ግን ከቁም ነገር ጋር ሊጋባ ይችላል፤ አባቶቻችንም «ዋዛና ቁም ነገር» ሲሉ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ የሚጠሩት ስለዚህ ይመስለናል። ስለዚህ መጠየቅ የሚገባን፣ «ጀግናው ያስቃልን?» ብለን ሳይሆን፣ «ሳቁ በምኑ ላይ ነው?» ብለን ነው። በቅንነቱ፣ በመሥዋዕትነቱ፣ ለደካማ በመቆሙ ላይ የሚስቅ ሥራ፣ ምንም ያህል ቢያዝናና፣ የሚሰብረው ነገር አለ። በትዕቢቱ፣ በችኮላው፣ ኃይሉን ባለማወቁ ላይ የሚስቅ ሥራ ግን ጀግናውን አያዋርድም፤ ጀግንነት የሌለበትን ስፍራ ያሳያል እንጂ።

በዚህ ሚዛን ብናየው ያ የባሕር ዳሩ ፊልም የሚሳቅበት በጀግንነት አይደለም። የሚሳቅበት በኃይልና በብስለት መካከል ባለው ርቀት ነው። ኃይል በአንዲት ቃል ተገኘ፤ ብስለት ግን በቃል አልመጣም። ይህ ደግሞ የአስማት ታሪክ ብቻ አይደለም። በሹመት ደብዳቤ ማግስት ድምፁ የሚለወጥ ሹም፣ ዱላ በያዘ ጊዜ ዕውቀት የያዘ የሚመስለው አስተማሪ፣ ዲፕሎማውን በተቀበለ ቀን አባቱን ማስተማር የሚጀምር ተማሪ፣ ሁላቸውም የቢሊ ባትሰን ዘመዶች ናቸው፤ እኛም ከዘመዶቹ አንወጣም። ልጁ በስተ መጨረሻ ኃይሉን አብረውት ለሚያድጉት ልጆች ባካፈለ ጊዜ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል፤ ጀግንነቱም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ይህን ለማየት ግን እስከ መጨረሻው መቀመጥ ያስፈልጋል።

በጣና ገዳማትና በዘጌ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ የሣሉ አባቶች አንድ ሥርዓት ነበራቸው። ጻድቁን ፊቱን ሙሉ አድርገው በሁለት ዓይኑ ይሥሉታል፤ ክፉውን ግን በጎን አዙረው በአንድ ዓይን ብቻ ያሳዩታል። ሥርዓቱ የወጣው ለሥዕል ነው፤ ለተመልካች ቢሆንም ግን ይስማማል። በአንድ ዓይን የሚያይ ተመልካች ወይ ሳቁን ብቻ ያያል፣ ወይ የተደፈረውን ክብር ብቻ ያያል። ሁለቱን በአንድነት ለማየት ፊትን ሙሉ በሙሉ ማዞር ይጠይቃል።

ስለዚህ በተለይ ሌላው የሚከተላቸው ሰዎች፣ ማለት ሹማምንትና አስተማሪዎች፣ በአዲስ ሥራ ላይ የመጀመሪያውን ቃል ከመናገራቸው በፊት ሊጠነቀቁ ይገባል። «አልወደድሁትም» ማለት የማንም መብት ነው፤ «ይከልከል» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ የፋቡላ ታሪክ በሁለቱ መካከል ያለውን ገደል ያሳየናል። ተማሪዎችም ከሰሙት ፍርድ ይልቅ ያዩትን መናገር ይልመዱ፤ ተሳስተው ቢገኙ እንኳ ስሕተቱ የራሳቸው ስለሚሆን ሊያርሙት ይችላሉ፤ የተዋሱትን ስሕተት ግን ማን ያርምላቸዋል? ይህ ጉዳይ የውጭ ፊልም ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የተባለ ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና በሥዕል ታሪክ ታትሞ ወጥቷል። ነገ የእኛው ጀግኖች በእኛው ቋንቋ በሲኒማ ቀርበው ሲያስቁን ምን ዓይነት ተመልካቾች ሆነን እንጠብቃቸዋለን?

በማግሥቱ ጧት ያን ቤት ልንሰናበት በሄድን ጊዜ ሽማግሌው በረንዳው ላይ ተቀምጠው ወደ ሐይቁ ይመለከቱ ነበር። የልጅ ልጃቸውን ጠርተው፣ «ያ ልጅ በመጨረሻው ሰው ሆነ?» ሲሉ ጠየቋት። እርሷም ከጎናቸው ተቀምጣ ካቋረጡበት ጀምራ ትነግራቸው ገባች። እኛም ስንሰናበት፣ ስለ ማንኛውም ጀግና፣ ያሳቀንም ቢሆን ያስለቀሰን፣ ሊጠየቅ የሚገባው ትክክለኛ ጥያቄ ይህ እንደ ሆነ አሰብን።