ተረቴን መልሱ

ተረት ነጋሪ ጨርሶ ዝም ከማለቱ በፊት አንድ ነገር ይጠይቃል፤ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላል። ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ስላደግን እንደ በር መዝጊያ ብቻ ቆጥረነዋል። ቃሉን እንደ ቃል ብንወስደው ግን ስለ ንብረት ከተጻፉ ብዙ ድርሳናት የሚጠልቅ ሐሳብ ይዟል። ነጋሪው ተረቱን አልሸጠም፤ ለዘለቄታውም አልሰጠም፤ አበደረ እንጂ። ብድሩ የሚመለሰውም አድማጩ በተራው የተረተ ዕለት ነው። አፍ የሚታበስበት ዳቦ የድካም ዋጋ እንጂ የተረቱ ዋጋ አይደለም።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ የሚከተለው ነው። በአፍ ብድር ሲዘዋወር የነበረ ተረት በቀለምና በሥዕል አጊጦ መጽሐፍ ከሆነ በኋላ፣ ያንን መጽሐፍ ፈልጎ፣ ገዝቶ፣ አቧራውን አራግፎ በመደርደሪያው የሚያኖረው ሰብሳቢ ምንድን ነው? ባለአደራ ነው ወይስ ዕዳውን ያልከፈለ ተበዳሪ?

ጥያቄውን የማነሣው ከሩቅ ሆኜ አይደለም፤ ከተከሳሾቹ አንዱ እኔ ነኝ። አዳማ ባለው ቤቴ አንድ ግድግዳ ሙሉ በተረትና በአፈ ታሪክ መጻሕፍት የተያዘ ነው። የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» አለ፤ በ1930ዎቹ ዓ.ም. መታተም ጀምሮ ስንት ትውልድ ፊደል የቆጠረበት፣ እንስሳቱ ከነሥዕላቸው በተማሪ እጅ የደበዘዙበት መጽሐፍ። ሀሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው በ1950 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት፣ ሮበርት ኬን ሥዕሎቹን የሠራለት የኢትዮጵያ ተረቶች መድበል አለ። ራስል ዴቪስና ብሬንት አሻብራነር በ1959 እ.ኤ.አ. ያወጡት «የአንበሳው ጢም» አለ። ከእነዚህ አንዳንዶቹን ያገኘኋቸው በአዳማ፣ በሞጆና በሻሸመኔ ጎዳናዎች ጆንያ ዘርግተው ከሚሸጡ መጽሐፍ አዟሪዎች ነው። አንዱንማ ያዳንኩት ከቆሎ ሻጭ እጅ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ዐሥራ ሁለት ገጾች መጠቅለያ ሆነው አልቀዋል። ሰብሳቢን በጅምላ ለሚኮንን ሰው ይህን መጽሐፍ አሳየዋለሁ። ስግብግብነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ያ ስግብግብነት ባይኖር የቀረውም ገጽ ዛሬ የለም።

ከተማችንም ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የምትመች ናት። አዳማ ያደገችው ከባቡሩ ጋር ነው፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነበር። የከረዩና የአርሲ አርብቶ አደር፣ የምንጃር ገበሬ፣ የጉራጌ ነጋዴ፣ የሐረር ሰው፣ ሁሉም የየራሱን ጅብና ቀበሮ ይዞ መጥቶ በአንድ ጣቢያ ወርዷል። አንድ ተረት እዚህ ከተማ ውስጥ በሦስት ቋንቋ ሲነገር ሰምቼ አውቃለሁ፤ ሦስቱም ነጋሪዎች የኛ ነው ባዮች ነበሩ።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልግባ። ስለ ሰብሳቢነት ሳስብ ዘወትር ፊቴ የምትደቀነው እመቤት ሚዩ ናት። ይህች እንግሊዛዊት የአንድ የቢራ ጠማቂ ቱጃር ሚስት ስትሆን፣ በቤቷ ካከማቸቻቸው ብርቅ ነገሮች መካከል በሥዕል ያጌጡ የግዕዝ ብራናዎች ይገኙ ነበር። ከመቅደላ ዘረፋ የመጡም ነበሩባቸው። ሴትዮዋ እንደ ተራ ገንዘብ አከማቺ ደብቃ አላስቀመጠቻቸውም፤ የብሪቲሽ ሙዚየሙ ዋሊስ በጅ እንዲተረጉማቸው አድርጋ፣ በ1898 እና በ1900 እ.ኤ.አ. ከነቀለም ሥዕሎቻቸው በውድ ኅትመት አወጣቻቸው። የታተመውም በጣም ጥቂት ቅጂ ነበር፤ ለወዳጆችና ለታላላቅ ቤተ መጻሕፍት የሚበቃ ያህል። በ1910 እ.ኤ.አ. ስትሞት ግን ያልተጠበቀ ነገር ተገኘ። ብራናዎቹን ለዳግማዊ ምኒልክ ተናዝዛ ነበር።

ኑዛዜው አልተፈጸመም። ብራናዎቹ ወደ ኢትዮጵያ በመምጣት ፈንታ ለአሜሪካዊው የጋዜጣ ቱጃር ለዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት ተሸጡ። በዚህ ታሪክ ላይ ብዙ ጊዜ ቆሜያለሁ። ሴትዮዋ የሰበሰበችው የሌላውን መሆኑን በመጨረሻ ተረድታለች ማለት ነው? ወይስ ልግስናው ከሞት በኋላ ስለ ሆነ ምንም የማያስከፍላት ልግስና ነበር? በበኩሌ ወደ ሁለተኛው ግምት አደላለሁ። የሚመልስ ሰው በሕይወቱ ሳለ፣ የመደርደሪያውን ባዶነት በዓይኑ እያየ ይመልሳል። ቢሆንም ከእርሷ በፊትም ሆነ በኋላ ከነበሩት ብዙዎቹ ይህን ያህል እንኳ አላሰቡም፤ ስለዚህ በእመቤት ሚዩ ላይ የምወረውረው ድንጋይ ትንሽ ነው።

መቅደላ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከወደቀች በኋላ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም የገቡት ብራናዎች ሦስት መቶ ሃምሳ ያህል መሆናቸው ይታወቃል። ዐፄ ዮሐንስ በ1872 እ.ኤ.አ. «ክብረ ነገሥት»ንና «ኩርዓተ ርእሱ» የተባለውን ሥዕል እንዲመልሱላቸው ጽፈው፣ መጽሐፉ ተመልሷል። ሥዕሉን ግን ከጦሩ ጋር የዘመተው የሙዚየሙ መልእክተኛ ሪቻርድ ሆምስ በግሉ ይዞት ነበርና ሳይመለስ ቀረ። ከ1931 እስከ 1933 እ.ኤ.አ. አፍሪካን ያቋረጠው የማርሴል ግርዮል ጓድ ደግሞ በጎንደር የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ፣ በምትካቸው ግልባጭ ለጥፎ፣ ዋናዎቹን ፓሪስ አደረሰ። አዳኞች ነን ሲሉ ይሰማሉ፤ እኔም ከቆሎ ሻጩ ፊት የተናገርኩት ያንኑ ቃል መሆኑን አልዘነጋሁም።

ዛሬ ደግሞ አዲስ መልስ መጥቷል። ብራናው እዚያው ይቀመጥ፣ ምስሉን ግን በኮምፒዩተር መስኮት ማየት ትችላላችሁ ይሉናል። ይህን ስሰማ በኩርላንደርና በሌስላው መጽሐፍ ያለው፣ እኛም ቀድሞ የምናውቀው ተረት ትዝ ይለኛል። አንድ አሽከር በብርዳም ተራራ ላይ ራቁቱን እንዲያድር ከጌታው ጋር ይወራረዳል፤ ከሩቅ የሚነድ እሳት እያየ ያነጋል፤ ጌታው ግን «እሳት ሞቀሃልና ተረትተሃል» ይለዋል። የተፈረደለትም እንግዶች ተጠርተው የወጥ ሽታ ብቻ ሲቀርብላቸው ነው። የሩቅ እሳት አይሞቅም፤ የወጥ ሽታም አያጠግብም። እውነቱን ለመናገር ግን አሽከሩን ያነጋው ያ እሳት ነው። ስለዚህ ምስሉን አልንቅም፤ ራት ነው ሲሉኝ ብቻ እቆጣለሁ።

በተቃራኒው ወደ ዝዋይ ሐይቅ እንመልከት። በቱሉ ጉዶ ደሴት ባለው በደብረ ጽዮን ገዳም ጥንታውያን ብራናዎች ተጠብቀው ኖረዋል። በአካባቢው እንደሚተረከው፣ ዮዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናት ታቦተ ጽዮንንና መጻሕፍትን ይዘው ወደዚህ ሸሽተዋል። ታሪኩ ይሁን አፈ ታሪክ፣ ለጥያቄያችን የሚጠቅመው ትርጉሙ ነው። እዚያ መጽሐፍ የሚጠበቀው ብርቅ ስለ ሆነ ሳይሆን የሚነበብበት ቀን ስላለው ነው። የዛይ ሕዝብ ታንኳውን ቀዝፎ ሲሻገር የሄደው ኤግዚቢሽን ለማየት አልነበረም። እዚህ ላይ ጠባቂው ባለአደራ መሆኑን የምናውቀው አደራው አገልግሎት ላይ በመዋሉ ነው።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ሰብሳቢ ግን ለራሷ አንድም መጽሐፍ ያላከማቸች ሴት ናት፤ አስቴር ጋኖ። በልጅነቷ በባርነት ተሸጣ ወደ የመን ስትጓዝ በ1886 እ.ኤ.አ. ጣልያኖች መርከቡን ይዘው ነፃ አወጧትና በምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ወዳለው የስዊድን ሚሲዮን ተወሰደች። እንደርሷው ከባርነት ከወጣው ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር ስትሠራ፣ አምስት መቶ ያህል የኦሮሞ ዘፈኖች፣ ተረቶች፣ ምሳሌዎችና እንቆቅልሾች ጻፈች። ከእነዚህም ከፊሉ በ1894 እ.ኤ.አ. በእምኩሉ በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ገባ። አገሩን የተነጠቀ ሰው የሚሸከመው ሌላ ንብረት የለውም። እነዚያ ሰዎች በአፋቸው ይዘው የወጡትን ተበዳድረው በወረቀት ላይ አኖሩት፤ ያኖሩትም ለሕፃናት መማሪያ ነው። እነሆ፣ «ተረቴን መልሱ» ይህ ነው።

ነገር ግን በዚህም ላይ አንድ እንቅፋት አለ። መጽሐፉ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ኦሮምኛ በቁቤ ይጻፋል። ስለዚህ በአዳማ ወይም በአርሲ ነገሌ በቁቤ የተማረ ልጅ የአስቴርን መጽሐፍ ቢያገኝ፣ ቃሉ የእናቱ ቃል ሆኖ ሳለ ሊያነበው ያዳግተዋል። ቅጂውን በመስተዋት ሣጥን ማኖር ለዚህ ልጅ ምን ይፈይድለታል? ለእርሱ መሰብሰብ ማለት በሚያነበው ፊደል እንደገና ማሳተም ማለት ነው። ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1922 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የኦሮሞ ሥነ ቃል መድበልም እንደዚሁ ነው፤ ጥንታዊ ቅጂው የብርቅ መጽሐፍ ነጋዴ ደስታ ነው፤ ልጁ ግን አላየውም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ተውኔት ዜማ ፍለጋ ወደ መቂ ወርጄ ሳለ የተራራውን እሳት ተረት ለአንዲት የአርሲ አሮጊት አነበብኩላቸው። የልጅ ልጃቸው ወደ ኦሮምኛ እየመለሰ ይነግራቸው ነበር። ሥዕሉንም አሳየኋቸው። ሥዕሉን በጣታቸው ዳስሰው ጥቂት ዝም አሉና «አልጨረሰውም» አሉ።

«ምኑን እናቴ?» አልኳቸው።

«እሳቱን ያነደደውን። ሌሊቱን ሙሉ እንጨት ሲጨምር ያደረው ሰውዬ ምን አገኘ? እኛ ስንናገር አሽከሩ ላሟን ከተቀበለ በኋላ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እርሱ ነው።»

ከዚያም ልጁን በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉት፤ ልጁ አፍሮ ሳቀና ተረጎመልኝ። «ወረቀቱን ስንት ዓመት ያዝኸው? ለማን ነገርኸው? ነው የሚሉህ።»

ዐሥራ አንድ ዓመት ይዤዋለሁ። ለማንም አልነገርኩትም። ለልጆቼ እንኳ፣ ገጹ እንዳይቀደድ በመስጋት፣ እንዲነኩት አልፈቀድኩም ነበር። ከመቂ ከተመለስኩ ወዲህ ያንን መጽሐፍ ለአማተር የቲያትር ቡድናችን ልጆች እያዋስኩ ነው። አንድ ጥግ ሻይ ፈስሶበታል። አልዋሽም፣ ሻዩን ሳይ ሆዴ ተቃጥሏል።

የማይመለስ ዕዳ ግን አለብኝ። ባቡር ጣቢያው አካባቢ አንድ ሰው ከጋዜጣ ፈቶ ያሳየኝ ጥቅልል ክታብ ነበር፤ ተከራክሬ በርካሽ ገዛሁት። ሱስንዮስ በፈረስ ሆኖ ሕፃናት ገዳይዋን ውርዝልያን በጦር ሲወጋ በቀይና በጥቁር ቀለም ተስሎበታል። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ስለ ሆነ፣ ለቱሪስት ከሚሸጥ እኔ ዘንድ ቢቀር ይሻላል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ቤት ገብቼ ሳነበው ግን በጸሎቱ መካከል የአንዲት ሴት የክርስትና ስም አገኘሁ። ስሟን እዚህ አልጽፈውም። ምናልባት በወሊድ የተጨነቀች፣ ምናልባትም ልጅ የሞተባት እናት ናት። ለሻጩ ማን እንደሸጠለት፣ እርሷ ትኑር አትኑር፣ ለማን እንደምመልሰው አላውቅም።

እንዲህ ያለው ክታብ የሚሠራው በባለቤቱ ቁመት ልክ መሆኑን ደብተራዎች ነግረውኛል። አንድ ማታ ጥቅልሉን ፈትቼ፣ ጫፉን ከወለሉ አስነክቼ በግድግዳው ላይ ዘረጋሁትና አጠገቡ ቆምኩ። ከትከሻዬ በታች ቀረ።