«እናንተስ የምትጠይቁት ይኖራል?»

ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ዳሩ ግን ይህን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ ያደግን ሰዎች፣ ልጃችንን አስከትለን ከትምህርት ቤት ኃላፊ ፊት በተቀመጥን ጊዜ አንደበታችን ይተሳሰራል። ኃላፊዋ የሚጠይቁትን ጠይቀው ሲያበቁ «እናንተስ የምትጠይቁት ይኖራል?» ቢሉን፣ «የለንም፤ እግዜር ይስጥልን» ብለን ብድግ እንላለን። ለመሆኑ ይህ ዝምታ ጨዋነት ነው ወይስ ፍርሃት?

ጉዳዩን እንዳስብበት ያደረገችኝ በካምፓላ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ በቡና ለቀማ የምትተዳደር አንዲት እናት ናት። ልጇ አንደኛ ክፍል ለመግባት ለሚያደርገው ቃለ መጠይቅ አስተርጓሚ እንድሆናት ጠየቀችኝ። በዋዜማው ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ ናሙዎንጎ ካለው ቤቷ ተቀምጠን የምትጠይቀውን እናዘጋጅ ብላት፣ «ተቀበሉኝ ብዬ የምለምን ሰው በምን አፌ እጠይቃለሁ፣ ጋሼ? ቅር ቢላቸውስ?» አለችኝ።

ሥጋቷ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ደጅ በሚጠናበት ባህል ያደገ ሰው ጥያቄን እንደ ድፍረት ቢቆጥር አይፈረድበትም። ነገር ግን ያው ባህላችን ሌላም ገጽታ አለው። የቆሎ ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የዕለት ጉርሱን ይለምናል፤ የቅኔ መምህሩን የሚመርጠው ግን ዝናቸውንና ችሎታቸውን አጠያይቆ ነው፤ ካልረካም ወደ ሌላ ጉባኤ ቤት ይሻገራል። እንጀራ መለመኑ መምህር የመምረጥ መብቱን አላሳጣውም።

እንግዲህ ምን እንጠይቅ? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር ጠያቂውን ብልህ አድርጎ የሚያሳይ ጥያቄ ይዞ መሄድ ነው። እኔ ግን እንዲህ ያለው ጥያቄ ከውዳሴ ብዙም አይለይም እላለሁ፤ መልሱን ከልቡ የሚጠብቅ የለምና። ስለዚህ ስለ ትምህርት ቤቱ ራእይ የጻፍነውን ሰርዘን ሁለት ብቻ አስቀረን። ልጄ ይመታል ወይ? አማርኛ ቢናገርስ ምን ይደረጋል? ለመጀመሪያው ሕግ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተሻሻለው የኡጋንዳ የሕፃናት ሕግ በትምህርት ቤት አካላዊ ቅጣትን ይከለክላል። ሁለተኛውም ከባዶ አልተነሣም። እዚሁ ካምፓላ በማኬሬሬ የተማረው ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በቅኝ ግዛት ዘመን በትምህርት ቤት በኪኩዩ ቋንቋ ሲናገር የተገኘ ልጅ ይገረፍ፣ ወይም የሚያዋርድ ጽሑፍ ያለበት ብረት በአንገቱ ይንጠለጠልበት እንደነበር ተርኳል።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የዚህች እናት አቅም የሚፈቅደው ይህን አንድ ትምህርት ቤት ብቻ ከሆነ መልሱ ምን ይለውጥላታል? የሚለውጠው አለ። ያልተጠየቀ ሰው ቃል አልሰጠም፤ ተጠይቆ የመለሰ ግን ሰጥቷል። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» በሚል ሕዝብ መካከል ያደገች እናት የቃልን ክብደት ታውቃለች። ነገ ነገሩ ቢጣመምና ወደ ቢሮው ብትመለስ፣ የምትመለሰው እንደ ለማኝ ሳይሆን እንደ ባለ ጉዳይ ነው።

በማግስቱ ጥያቄው ከአፏ ሲወጣ ፈተናው ወደ እኔ ዞረ። «ሥነ ሥርዓት የምታስከብሩት እንዴት ነው?» ብዬ ላለዝበው ከጅሎኝ ነበር። የእሷን ድፍረት በእኔ ፍርሃት መተርጎም ግን ተገቢ መስሎ አልታየኝም፤ እንዳለችው «ትመቱታላችሁ ወይ?» አልኩ። ርዕሰ መምህርቷ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «አንመታም፤ መምህር ቢመታው ወደ እኔ ትምጣ» አሉ። ስለ አማርኛው፣ በክፍል ውስጥ የሚፈቀደው እንግሊዝኛ ብቻ መሆኑን ሲገልጹ፣ እስከዚያ ዝም ብሎ የነበረው ልጅ ቀና ብሎ «ውጪ ከሰፈራችን ልጆች ጋር ስጫወትስ?» ሲል ጠየቀ። ይህን አላዘጋጀነውም ነበር። ተረጎምኩላቸው። ፈገግ ብለው «ውጪማ እንደፈለግህ» አሉት።

ቃሉ መከበሩን ወደፊት የምናየው ነው። ከግቢው ስንወጣ እናትየው መልሶቹን ከነቀናቸው እንድጽፍላት ጠየቀችኝ፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጽፌ ሰጠኋት።