ዋጋ ስለ ተከፈለበት ማዕድ

የክረምቱ ዝናም ካቆመ በኋላ፥ አደይ አበባ ሜዳውን ቢጫ በሚያለብስበት በመስከረም ወር፥ በአዲስ አበባ ሰፈሮች ውስጥ አዲስ ምግብ ቤት ሲከፈት ይታያል። ደጁ ተጠርጎ፥ ወለሉ ቄጤማ ተጎዝጉዞበት፥ የሚቈላው ቡና የሰፈሩን ሰው ይጠራል። የሰፈሩም ሰው ይገባል፥ ይበላል፥ ሒሳቡንም ከፍሎ ይወጣል። ይህ ነገር የተለመደ ስለ ሆነ የሚመረመር አይመስልም፤ ነገር ግን በውስጡ አንድ ጥያቄ ተሰውሮ አለ። ይኸውም፥ የምግቡን ዋጋ የከፈለ ሰው ዕዳውን ሁሉ ከፍሏልን? ወይስ በማዕድ ላይ በገንዘብ የማይከፈል ሌላ ዕዳ አለ? የሚል ነው።

የቀድሞ ሰዎች እንጀራ ለእንግዳ የሚቀርብ እንጂ የሚሸጥ ነገር አይመስላቸውም ነበር። አብርሃም በድንኳኑ ደጅ ሳለ መንገደኞችን እንደ ተቀበለ፥ እንግዳን ዋጋ መጠየቅ ለባለ ቤቱ ኀፍረት ነበር። እቴጌ ጣይቱ በ1890ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን ባቆሙ ጊዜ፥ ከፍሎ መብላት ለብዙዎች ነውር መስሎ ስለ ታያቸው፥ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ከመኳንንቱ ጋር ገብተው፥ በልተውና ሒሳብ ከፍለው ሰውን እንዳለማመዱ ይነገራል።

የሆነ ሆኖ ገዝቶ መብላትን እንደ ክፉ ነገር መቍጠር ቅን ፍርድ አይደለም። በቀድሞው የግብር አዳራሽ ሰው የሚቀመጠው በማዕርጉ ነበር፤ ከሥጋው ብልት እንኳ ለማን ምን እንደሚደርስ የታወቀ ነበር። የበላውም ሰው የአብላው ባለ ውለታ ሆኖ ይወጣ ነበር። በምግብ ቤት ግን ለቀን ሠራተኛውም ለሹሙም ዋጋው አንድ ነው፤ ከፍሎ የበላ ሰው ደጅ ጠንቶ አልበላም። ዘመድ የሌለው መንገደኛ ማረፊያ ያገኛል፤ ባለሙያ ሴትም በእጇ ሥራ ልጆቿን ታሳድጋለች። ስለዚህ ገንዘብ በማዕድ ላይ ያመጣው ነጻነት እውነተኛ ነጻነት ነው።

ነገር ግን ይህ ነጻነት ደግሞ ያሳስታል። ከፍሎ የበላ ሰው፥ «ከእንግዲህ የማንም ዕዳ የለብኝም» ማለት ይቀለዋል። ይህ አሳብ ይልቁንም በመስከረም ሲመዘን ጉድለቱ ይታያል። በዚህ ወር ምድር አበባ ለብሳ ሳለች የገበሬው ጎተራ ወደ መጉደሉ ነው፤ ጤፉ ገና በማሳ ላይ ነውና፥ የሚታጨደውም በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። እንግዲህ በበዓሉ ሰሞን በከተማው ገበታ ላይ የሚቀርበው እንጀራ ያለፈው አዝመራ ፍሬ ነው፤ ያን እህል ያመረተው ሰው ግን ምናልባት በዚያው ቀን አዲሱን አዝመራ እየጠበቀ ከቀረው ላይ ቈጥቦ ይበላል። ሒሳቡ የጤፉን ዋጋ ይከፍላል፤ የገበሬውን ትዕግሥት ግን አይከፍልም። ቅዱስ ጳውሎስም የቆሮንቶስን ሰዎች የወቀሳቸው፥ እያንዳንዱ የራሱን እራት ለመብላት ሲቸኵል ባጠገቡ ያለውን ረኃብተኛ ስለ ረሳ ነው። የራስ የሆነውን መብላት እንኳ ባልንጀራን ሲያስረሳ በደል ይሆናል።

የአማርኛ ቋንቋ ይህን ነገር የተረዳው ይመስላል። ጉርሻ ማለት ሰው በገበታ ላይ ለወዳጁ በገዛ እጁ የሚያጎርሰው ነው፤ ዛሬ ደግሞ ከሒሳቡ በላይ ለአሳላፊው የሚሰጠው ገንዘብ በዚሁ ስም ይጠራል። ሕዝቡ ለዚህ ገንዘብ ከንግድ ቤት ስም ሊያወጣለት ሲችል፥ የፍቅርን ስም ሰጠው። በዚህም ምግቡ ቢገዛ፥ ምግቡን ያቀረበው ሰው በዋጋ እንዳልተገዛ መሰከረ። ይሁን እንጂ ስሙ ብቻውን አይበቃም፤ የአሳላፊውን ፊት ሳያይ ሳንቲሙን ጥሎ የሚሄድ ሰው አላጎረሰም። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ በአክብሮት የሚሰጥ ግን፥ የሰጠው ጥቂት ቢሆንም እንኳ፥ አጎረሰ።

እንግዲህ ለጥያቄው መልሱ ይህ ነው፤ ዋጋ የምግብን ዕዳ ይዘጋል፥ የሰውን ዕዳ ግን አይዘጋም። አዲሱን ምግብ ቤት የሰፈሩ ማዕድ ሊያደርገው የሚችል በላተኛው ነው። ባጠገቡ ለተቀመጠው «እንብላ» ቢል፥ ለደከመው አሳላፊ ቢታገሥ፥ ከደጅ የቆመውን ረኃብተኛ ቢያስበው፥ የተገዛው እንጀራ የቀድሞውን ማዕድ በረከት ያገኛል። «ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል» የሚለው የአባቶች ተረት ሒሳቡን የከፈለውን ሰው ለይቶ አልተወውምና።