ባለሱቁ የገባው ቃል

መግደል የተወ ሰው «ከእንግዲህ አልገድልም» የሚለው ለማን ነው? ለሚስቱ? ለልጁ? ወይስ ትናንት ለገደላቸው? ጥያቄውን ያነሣንበት ታሪክ የጃፓን ካርቱን መሆኑን ስንናገር አንዳንድ ጓደኞቻችን ይሥቁብናል። «እናንተ ደግሞ፣ የልጆች ፊልም አይታችሁ ሥነ ምግባር ልትሰብኩን ነው?» ይላሉ። ይሣቁ፤ ጥያቄው ግን በሣቅ አይመለስም።

ታሪኩ «ሳካሞቶ ዴይስ» ይባላል። ደራሲውም ሠዓሊውም ሱዙኪ ዩቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 «ሾነን ጃምፕ» በተባለው ሳምንታዊ መጽሔት ላይ በተከታታይ የሥዕል ታሪክነት ጀምሮ በ2025 በፊልም መልክ ታየ። ሳካሞቶ ታሮ በቅጥረኛ ነፍሰ ገዳዮች ዓለም አቻ ያልተገኘለት፣ ስሙ ሲጠራ ሌሎቹ ገዳዮች የሚርዱለት ሰው ነበር። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ የምትሠራ አኦይ የምትባል ልጅ ያያል፤ በቃ፣ አለቀለት! ሥራውን ይተዋል፤ ያገባል፤ ሃና የምትባል ልጅ ይወልዳል፤ ይወፍራል። ውፍረቱም የዋዛ አይደለም። ጸጥ ባለ ሠፈር ሱቅ ከፍቶ ተቀምጧል። ቤቱ አንድ ሕግ አለው፤ ሰው መግደል ክልክል ነው። ይህ ሁሉ እያለ በራሱ ላይ 1 ቢሊዮን የን ይመደብና ገዳዮች ይጎርፉበታል። እሱም እጁ የገባውን የቤትና የሱቅ ዕቃ ይዞ ይመክታቸዋል። ይጥላቸዋል እንጂ አይገድላቸውም።

ብዙ ተመልካች ታሪኩን የሚወደው «ለቤተሰቡ ሲል ተለወጠ» ብሎ ነው። እኛን ያላረካን እዚህ ላይ ነው። የራስን ቤት መውደድማ ማን ያቅተዋል? ቅጥረኛ ገዳይም ማታ ቤቱ ገብቶ ልጁን ይስማል። ፕላቶ «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ የከተማዪቱን ጠባቂዎች ከጥሩ ውሻ ጋር ያመሳስላቸዋል፤ ለሚያውቀው የዋህ፣ ለማያውቀው ኃይለኛ። ሳካሞቶም በሚስቱና በልጁ ፊት የዋህ፣ በሌላው ላይ ነካሽ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ውሻ ነው ብለን ባለፍነው።

ነገሩን የሚያወሳስበው ሺን ነው። ሺን የሰው ሐሳብ የሚያነብ ወጣት ነው፤ ዱሮ የሳካሞቶ የበታች ነበር። ወደ ቀድሞ ሥራው ሊመልሰው ይመጣል፤ ባለሱቁ እምቢ ሲል «እንግዲያው ግደለው» የሚል ትእዛዝ ይደርሰዋል። ግን አልሆነለትም። መጨረሻው ምን ሆነ? ሊገድለው የመጣው ልጅ እዚያው ሱቅ ተቀጥሮ ዕቃ ሲደረድር እናየዋለን። ሕጉ የወጣው ለቤቱ ሰላም ነበር፤ ቀድሞ የተጠቀመበት ግን ጠላት ሆነ። ውሻ ይህን አያደርግም።

በዚሁ በሺን በኩል ሌላ ነገርም እንሰማለን። ሳካሞቶ አፉን ዘግቶ፣ ፊቱን ሳያኮሳትር ቆሞ ሳለ በሐሳቡ ሺንን ይገድለዋል። ልጁም ይህንኑ ስለሚያነብ ይደነግጣል። ፊልሙ ይህን ለሣቅ ነው ያስገባው፤ እኛ ግን ብዙ ተከራከርንበት። ከመካከላችን አንዱ «እንግዲህ ልቡ አልተለወጠም፣ የተለወጠው እጁ ብቻ ነው» አለ። አርስቶትል ሁለት ዓይነት ሰው ይለያል፤ መጥፎውን ጭራሽ የማይመኘውን፣ እየተመኘው ራሱን የሚገታውን። የሚያስበልጠውም የመጀመሪያውን ነው። በዚህ መለኪያ ሳካሞቶ ሁለተኛ ይወጣል። ይሁን እንጂ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ሳይገድል የኖረ ባለሱቅ «አልገድልም» ቢል ምን ዋጋ ያስከፍለዋል? ሳካሞቶ ግን መግደሉ ከሁሉ የሚቀለው ሰው ነው። ልጁን አደጋ ላይ የጣለ ሰው ፊቱ ወድቆ፣ አንድ ምት ብቻ ሲቀረው፣ እጁን ይሰበስባል። ይህን መናቅ አይገባም ባዮች ነን።

እስቲ አሁን አንድ ነገር እንበል። አንድ ሌሊት አኦይ ራሷ «ለሃና ስትል፣ ዛሬ ብቻ፣ ይኸን ሰውዬ ግደለው» ብትለውስ? ሕጉ የቤቱ ሕግ ብቻ ከሆነ የቤቱ እመቤት ልታነሣው ትችላለች፤ ቃል የተገባለት ሰው ቃሉን መልሶ ይሰጣልና። እሱም ገድሎ ቢገባ ቃሉን አላፈረሰም ማለት ነው። ይህ ደግሞ ለማንኛችንም አይዋጥልንም። ስለዚህ ቃሉ በከፊልም ቢሆን የዚያ የወደቀው ሰውዬ ነው፤ አኦይ ልታነሣው የማትችለው ነገር አለበት። ከዚያም አልፎ ዱሮ የሞቱት ድርሻ አለበት እንላለን። እነርሱማ ማንሣትም ማጽናትም አይችሉም።

ችግሩ የሞቱትን እምብዛም አናያቸውም። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የሳካሞቶን ደጅ የሚመታው ማነው? ገንዘብ ፈላጊ። 1 ቢሊዮን የን የጠራው ሰው። «ወንድሜን ገደልህብኝ» ብሎ የሚመጣ የለም። ይህን ከሌላ የጃፓን ሥራ ጋር ብናስተያየው ልዩነቱ ይጎላል። «ሩሮኒ ኬንሺን» እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1999 የወጣ የሥዕል ታሪክ ነው። በ1878 ጃፓን ውስጥ የሚንከራተት፣ ዱሮ በሰይፉ ብዙ የገደለ ሰው፣ ስለቱ ወደ ራሱ የዞረ ሰይፍ ይዞ እንዳይገድል ሲታገል ያሳያል። ያ ሰው የአንዲት ሴት እጮኛ ገድሏል፤ በኋላም ሴትዮዋን አግብቷት ሳያስበው እሷንም በገዛ ሰይፉ ገድሏታል። ከዓመታት በኋላ ወንድሟ ኤኒሺ ሊበቀል ይመጣል። የሟች ቤት ከገዳይ ቤት ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። ሥራው ጉድለት የለበትም አንልም፤ አንዳንዱ ፍልሚያ እንቅልፍ ያመጣል። ነገር ግን ገዳዩ ያመለጠበትን ጥያቄ ደጁ ድረስ ያመጣለታል።

ከአገራችን ባህል የለመድነውም ወደዚህ ሳይወስደን አልቀረም። ደም የፈሰሰ እንደሆነ ገዳዩ «ትቻለሁ፣ ገበሬ ሆኛለሁ» ስላለ ነገሩ አያልቅም። ደም አድራቂ ሽማግሌዎች መኻል ይገባሉ፤ የሟች ወገን ይለመናል፤ እሺ እስኪል ይጠበቃል። ገዳዩ በራሱ ላይ ራሱ ዳኛ አይሆንም። የሳካሞቶ ሰላም ይህ ሁሉ አልተደረገለትም፤ ሰላሙን ራሱ ነው ያወጀው። በበኩላችን ሰውዬውን እንወደዋለን፤ ሽጉጥ ከያዘ ሰው ጋር ሲታገል ለእሱ እናጨበጭባለን። በጭብጨባችን መኻል የሚያሳስበን ይኸው ነው።

አንድ የሚቀርብን ክፍል አለ፤ ደራሲው ቢጽፈው ደስ ይለናል። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሱቁ ጭር ብሏል። አንዲት አሮጊት ገብተው ሩዝ ይገዛሉ፣ ሒሳብ ይከፍላሉ፣ ግን አይወጡም። ጉርሻ ገንዘቡም የሚያጓጓቸው አይደሉም፤ መሣሪያም አልያዙም። ልጃቸው በየትኛው ዓመት በማን እጅ እንደሞተ ያውቃሉ። ሺን ሐሳባቸውን አንብቦ ወደ ባለሱቁ ዞር ይላል። ሳካሞቶ መልሱን በእጁ እንደያዘ ቆሟል።