የቀባሪ ጨዋነት ሟችን አያጸድቅም

ባለፈው ወር ከአንድ ቀብር ላይ ቆሜ ነበር። ፍትሐቱ አልቆ፣ አስከሬኑ ወደ ጉድጓዱ ከመውረዱ በፊት፣ ከቤተሰቡ አንዱ ድምፅ ማጉያውን ተቀብሎ የሟችን የሕይወት ታሪክ ማንበብ ጀመረ። ሁላችንም በቃላችን የምናውቀው ነው፦ ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ባደረባቸው ሕመም በሀገር ውስጥና በውጭ ሀገር በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ወረቀቱ ወደ ማለቂያው ሲደርስ «ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ» የሚለው ተነበበ።

ይኼኔ ከሰዉ ጀርባ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የቆመች አንዲት ሴት አንገቷን ደፋች። በሟች ቤት ስድስት ዓመት እንጀራ ጋግራለች። «ዕቃ ጠፋ» ተብሎ፣ የአምስት ወር ደመወዟን ሳትቀበል፣ ልብሷን በፌስታል ይዛ በሩ እንደተዘጋባት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ዕቃው ኋላ ተገኝቷል። እሷን ግን ተመልሶ የጠራት የለም። ያም ሆኖ መጥታ ቀበረች፤ አፈር ሲመለስም እንባዋን ጠረገች። አንዲት ቃል አልተናገረችም። እኛም አልተናገርንም። ሙት ወቃሽ መባልን ሁላችንም እንፈራለን።

ይህን የማነሳው ሙት ለመውቀስ አይደለም። የእሳቸው ጉዳይ ከእኛ እጅ ወጥቶ ወደማይሳሳተው ዳኛ ሄዷል። የምገሥጸው አንተን ነው፤ በሕይወት ያለኸውን፣ ነገ የሚነበብልህን ወረቀት ዛሬ የተማመንክበትን። አንቺንም እኅቴ፣ ከዚህ ተግሣጽ አላወጣሽም።

ሙት አለመውቀስ የቀባሪ ጨዋነት ነው እንጂ የሟች ጽድቅ አይደለም። አንተ ግን ይህን ጨዋነት እንደ ዋስትና ይዘኸዋል። በቁምህ የፈለግኸውን ሰው ረግጠህ፣ ስትሞት «ደግ ነበሩ» እንደምትባል እርግጠኛ ነህ። ልክ ነህ፤ ትባላለህ። ግን ያ ቃል ላንተ የተሰጠ ምስክርነት ሳይሆን ላንተ የተደረገ ምጽዋት መሆኑን እወቅ።

ስለ ሞትህ አላሰብክም ብዬ አልወቅስህም። አስበሃል። የዕድር መዋጮህን አንድ ወር አላሳለፍክም። ድንኳኑ የት እንደሚተከል፣ ንፍሮውን እነማን እንደሚቀቅሉ፣ አርባህና ሙት ዓመትህ እንዴት እንደሚወጣ ታውቃለህ። ያላሰብከው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በዚያ ድንኳን ሥር የሚቀመጠው ሰው በልቡ ምን ይላል? ቀባሪ እንዳያንስህ ትሰጋለህ፤ የቀባሪው ልብ ግን አሳስቦህ አያውቅም።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለውን አባባል ወደ እብነ በረድ ለውጠነዋል። እናቱ በሕይወት ሳለች ድምፁን በስልክ ለማሰማት ጊዜ ያጣ ልጅ፣ ለሐውልቷ ማሠሪያ ከአሜሪካ ዶላር ይልካል። በአባቱ ቤት ውርስ ወንድሙን ከችሎት ችሎት ሲያንከራትት የኖረ ሰው፣ በወንድሙ ለቅሶ ላይ ደረቱን ይደቃል። ድንጋይ የሚናገረው የተወለድክበትንና የሞትክበትን ዓመት ነው። በመካከል ያለውን የሚናገረው ሰው ነው።

በመካከል ያለውን በሚገባ የሞላ ሰው እንዴት እንደሚታወስ ለማየት ሩቅ አትሂድ። አበበች ጎበና ወሎ ውስጥ ረሃብ በነበረበት ጊዜ ግሸን ማርያምን ለመሳለም ሄደው ነበር። እዚያ በረሃብ ከሞተች እናቱ አጠገብ የተኛ ሕፃን አገኙ፤ ነፍሱ አልወጣችም። አንሥተው ወደ አዲስ አበባ ይዘውት ተመለሱ። ብዙም ሳይቆይ የሰበሰቧቸው ልጆች 21 ደረሱ። ባለቤታቸው ከእሱና ከልጆቹ አንዱን እንዲመርጡ ሲጠይቃቸው፣ ልጆቹን መርጠው ከሞቀ ቤታቸው ወጡ። ምግብ እያዘጋጁ እየሸጡ አሳደጓቸው፤ ያ ጅምርም ለብዙ ሺህ ሕፃናት የደረሰ ድርጅት ሆነ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ «ደግ ነበሩ» ብሎ መጨመር የሚያስፈልገው ሰው አልነበረም። የሠሩትን በተራ መቁጠር ይበቃ ነበር። የእኛ ወረቀት በውዳሴ የሚሞላው የሚቆጠር ሥራ ስለሌለው ነው። ደግሞም ልብ በል፦ አበበች ጎበና እንዴት እንደሚታወሱ የተወሰነው በቀብራቸው ቀን አይደለም። ከአርባ ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ ያንን ሕፃን ለማንሣት ጎንበስ ባሉ ጊዜ ነው።

«እኔ አበበች ጎበና መሆን አልችልም» እንዳትለኝ። 21 ልጅ አሳድግ ያለህ የለም። የአንዲት ሴት የአምስት ወር ደመወዝ ክፈል ነው የምልህ። በሐሰት የመሰከርክበትን ባልደረባህን ይቅርታ ጠይቅ፤ የገፋኸውን የጎረቤትህን አጥር መልስ ነው የምልህ። ኑሮ ተወዷል አትበለኝ፤ ለሠርግና ለምርቃት ድግስ ስትበደር አይቼሃለሁ። ነገ አደርገዋለሁም አትበለኝ፤ እኒያ ሟችም ነገ ነበራቸው።

«ለልጆቼ ብዬ ነው» ትላለህ። እንግዲያው ስለ ልጆችህ ስማኝ። ያንን ወረቀት የሚጽፈው ልጅህ ነው። ማን እንደነበርክ ከማንም በላይ የሚያውቀውም እሱ ነው፤ ሠራተኛዋ ስትባረር በመስኮት አይቷል፤ አጎቱ ከደጃችሁ ሲመለስ ሰምቷል። በመጀመሪያው የሐዘን ሌሊት፣ ዓይኑ አብጦ፣ እስክሪብቶ ይዞ ሲቀመጥ፣ ስለ አባቱ የሚጽፈው እውነት አጥቶ ከሌላ ሰው ወረቀት እንዲገለብጥ አታድርገው። ከዚህ የከፋ ውርስ የለም።

እንዴት ያለ ሰው ተብለህ መታወስ እንደምትፈልግ ዛሬ ወስን፤ ከወሰንክም ዛሬ ማታ ጀምር። የበደልከውን ሰው ስም ታውቀዋለህ፤ ስልኩም እጅህ ላይ አለ። ደውል።

ያቺ ሴት ዛሬም በሰፈራችን እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ትኖራለች። የአምስት ወር ደመወዟን እስካሁን አላገኘችም።